አራተኛው ደቂቃ

ሰኞ ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በወረታ ከተማ ዳርቻ ባለች አንዲት ትንሽ የአጥንት ክሊኒክ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ይልቃል፣ ሰመመን ሰጪው እንዳልካቸው፣ መሣሪያ የምታቀብለው ሲስተር ሰብለወንጌል፣ ከመጋዘን ዕቃ የሚያመጡት አቶ ንብረት፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ እሜቴ እናኑ። አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ሲሆን በሕይወት የነበሩት አራቱ ብቻ ናቸው።

እሜቴ እናኑ የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው ከይፋግ ወዲህ፣ በሩዝ ማሳዎች መካከል ነው። በዝናብ በራሰው የላም በረት ደጃፍ ላይ ተንሸራተው የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ፤ ቤተሰቡ ዓርብ ረፋድ ለክሊኒኩ በስልክ ነግሮ ለሰኞ ተቀጠሩ። ሐኪሙ የተሰበረውን የአጥንት ራስ አውጥቶ በብረት ሊተካላቸው፣ ብረቱንም በአጥንት ሲሚንቶ ሊያጣብቀው ነበር። የአጥንት ሲሚንቶ ዱቄትና የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

የደነዘዙት ከወገባቸው በታች ብቻ ስለነበር እሜቴ እናኑ ነቅተው ነበር። ራስጌያቸው ከተቀመጠው ከእንዳልካቸው ጋር ባለፈው ሳምንት ስለተወለደች ጥጃ ያወሩ ነበር።

«ስሟን ማን አሏት?» አላቸው።

«ገና ነው። ድኜ ስገባ አወጣላታለሁ» አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ጨለመብኝ እኮ» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እንዳልካቸው ሃያ ደቂቃ ያህል ደከመ። ደረታቸውን ተጫነ፤ መድኃኒት ሰጠ፤ ኦክስጅን ከፈተ። አልተመለሱም።

ወሬው ኮሪደር ሲደርስ ልጃቸው ባየህ የእንዳልካቸውን አንገት አነቀ። ባየህ የአርባ ዓመት ሩዝ ገበሬ ነው፤ እጁ ሰፊ ነው።

«መርፌ የወጋት እሱ ነው! ከእሱ ሌላ ማን ከራስጌዋ ነበረ?» እያለ ጮኸ። ሲያላቅቁትም «ሕግ ቢለቀው እኔ አልለቀውም። የእናቴ ደም ፈስሶ አይቀርም» አለ።

ያገሩ ሰው ይህ ቃል ባዶ ዛቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ፖሊስ እንዳልካቸውን ወሰደው፤ ግማሹ ለምርመራ፣ ግማሹ ለነፍሱ ተብሎ ነው።

ኢንስፔክተር ውባንቺ በዚያው ቀን በስምንት ሰዓት ደረሰች። መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው ቦት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ነበር። የይፋግ ልጅ ናት። እናቷ የሰው ቤት እየመረገች ነው ያሳደገቻት፤ እሷም እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ ጭቃ ረግጣለች። እግሯን ታጥባ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባችና ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዘች።

በመጀመሪያ የእንዳልካቸውን ብልቃጦች ቆጠረች። የተከፈቱት እሱ የመዘገባቸው ያህል ናቸው። የማደንዘዣው መርፌ ውስጥ የቀረው መድኃኒትም ከመዝገቡ ጋር ይስማማል።

ከዚያ የመሣሪያ ጠረጴዛው ዘንድ ቆማ ብዙ ቆየች። የተረፈው ሲሚንቶ በሳህን ላይ ደርቋል። እንደ ድቡልቡል ቆሞ አልነበረም የደረቀው፤ ወደ ሳህኑ ጥግ ፈስሶ፣ ጥጉን ይዞ ነው። ከላዩ ላይ ቀጫጭን ክሮች ተስበው እንደቆሙ ደርቀዋል። በጣቷ ነካቻቸው፤ ተሰበሩ።

ከቆሻሻ መጣያው ደግሞ የሲሚንቶውን ባዶ ካርቶን አወጣች። ወረቀቱ ርሶ እንደደረቀ ሁሉ ተኮማትሯል። መጋዘን ገብታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሌሎች ካርቶኖች አየች። ሁሉም ደረቅና ልሙጥ ናቸው። ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው፤ ዝናቡ እየወረደ ነው፣ አንድ ጠብታ ግን አይገባም።

በመጨረሻ እሜቴ እናኑ የተኙበትን አልጋ ፈተሸች። ትራሱ ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘች። እስከ አፉ የሞላ ውኃ ነው።

ዶክተር ይልቃል ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፈጣን፣ ቁጡ፣ ለሕመምተኛ ግን የሚራራ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሲሚንቶው ወደ አጥንቱ የሚገባው መቼ ነው?» አለችው።

«ዱቄቱና ፈሳሹ በተገናኙ በአራተኛው ደቂቃ።»

«በምን ያውቃሉ?»

«በሰዓት ነዋ! ግድግዳው ላይ አለ።»

«ሰዓት የሌለው ሰው በምን ያውቃል?»

ሐኪሙ ጥያቄው የሕፃን ስለመሰለው ሊቆጣ ነበር፤ ተወው። «በእጅ። ጓንት ላይ መጣበቅ ሲተው ነው።»

«ዛሬስ በእጅዎ አዩት?»

«ኢንስፔክተር፣ በአራተኛው ደቂቃ ስንት ሰው አዳንኩ መሰለዎት?»

ውባንቺ ደብተሯ ላይ «አልመለሰም» ብላ ጻፈች።

«ሲሚንቶው ሲገባ አደጋ አለው?»

«አለው። ሲገፋ የመቅኔው ቅባትና አየር ወደ ደም ሥር ሊያመልጥ ይችላል። ልብና ሳንባ ይጨነቃሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ሽማግሌና ደካማ ሰው ላይ፣ ሲሚንቶውም ሳይደርስ ቀጥኖ ከገባ ይብሳል። ስለዚህ አጥንቱን አጥቤ አደርቃለሁ፤ አጥቤያለሁም። ሰመመን ሰጪው ደግሞ ቀድሞ ያውቃል፣ ኦክስጅን ይጨምራል፣ ግፊቱን ይደግፋል።»

«ዛሬ ለእንዳልካቸው ነገሩት?»

ዶክተር ይልቃል ወደ መስኮቱ ዞረ። «ሲስተር ነበረች የምትነግረው።»

«ለምን እርስዎ ራስዎ አይነግሩትም? በመካከላችሁ አንድ ክንድ ነው ያለው።»

«ተኳርፈን ነበር» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሁለት ሳምንት ሆነን። በአንድ ሕመምተኛ ቤተሰብ ፊት ‹ዛሬ አይቀደዱም፣ ሳንባቸው አልጠራም› ብሎ አቆመኝ። እውነቱን ነበር። ግን በሰው ፊት ነው ያለኝ።»

ሲስተር ሰብለወንጌል ጥያቄው ሳይጀመር አለቀሰች። ከዓርብ እስከ እሑድ ፈቃድ ወስዳ እናቷን ወንዛዬ ፍል ውኃ አድርሳ፣ ሰኞ ንጋት ነው የተመለሰችው።

«ሲሚንቶው እጅሽ ላይ ምን ይመስል ነበር?»

«ቀዘቀዘኝ። ክረምቱ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ክር ይስባል፣ ጓንቴን አልለቅ አለ። ዶክተር ‹አራት ደቂቃ ሞልቷል፣ አምጪ› አለ።»

«አልደረሰም ለምን አላልሽም?»

«ግንቦት 22 ቀን ሙቀት ነበር፤ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ‹ትንሽ እንጠብቅ› አልኩት። ጠበቅን። ብረቱ ሳይገባ ሲሚንቶው ደረቀ። የሰውየውን አጥንት እንደገና በመሮ ፈለፈልነው፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ያን ቀን ‹ከእንግዲህ ጠብቅ እንዳትይኝ! ሰዓቱን እኔ አያለሁ› አለኝ። በሁሉም ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠብቅ ብዬው አላውቅም።»

«እንዳልካቸውንስ?»

«‹ሲሚንቶ እየገባ ነው› ማለት ነበረብኝ። በእነሱ ኩርፊያ መካከል ‹ንገሪው›፣ ‹ንገሪያቸው› እየተባልኩ ሁለት ሳምንት ተላላኪ ሆኜ ነበር። ዛሬ ግን ጓንቴ ላይ የተጣበቀውን እያየሁ ረሳሁት። እሜቴ ‹ጨለመብኝ› ሲሉ ነው ያስታወስኩት።»

አቶ ንብረት ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጸጉራቸው ገብስማ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ቅዳሜ ዕለት የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ሲቆርጠው፣ ባጃጁ መሻገር ቢያቅተው፣ እሜቴ እናኑን በጀርባቸው አዝለው ውኃውን የተሻገሩ እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ ሲሚንቶውን ከየት አመጡት?»

«ከመጋዘን።»

«ከመደርደሪያው?»

«ከመጋዘን ነው የኔ እመቤት። ሁሉም ነገር ከመጋዘን ነው።»

«የመድኃኒት ማቀዝቀዣውም መጋዘን ውስጥ ነው አይደል? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔና ሲስተር ዘንድ ነው። ሙቀቱን ጠዋትና ማታ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም» አሉና መዝገቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጧት። ጽሑፋቸው እንደ ተማሪ ደብተር የጠራ ነው።

ውባንቺ መዝገቡን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ወደ ጣቢያ ሄደች። እንዳልካቸው ከእስር ክፍሉ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም።

«እንዳልካቸው፣ ሲሚንቶው ሲገባ አውቀህ ነበር?»

«ሽታው ሸተተኝ፤ እየተቀላቀለ ነው አልኩ። ሲገባ ግን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ጥጃቸው እያወራን ነበር» አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፍርግርጉ ቀረበ። «እኔ ምን ብሆን ግድ የለም። ግን እሑድ ማታ ውኃ እንዲጠጡ አዝዤ ነበር፤ ጠጥተዋል አሉኝ። የደም ግፊታቸው ግን ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰውነታቸው ውኃ አንሶት ነበር። ይኼ ነው ያልገባኝ።»

ማክሰኞ እሜቴ እናኑ ተቀበሩ። ረቡዕ ነሐሴ 11 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንዳልካቸው ፍርድ ቤት ሊቀርብ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ውባንቺ ሁሉንም በክሊኒኩ ትልቅ ክፍል ሰበሰበች። መስኮቶቹን አስከፈተች። ባየህ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ከእህቱ ከደብሬ ጋር ከበሩ አጠገብ ቆመ። እንዳልካቸው ከአንድ ፖሊስ ጋር ከዶክተር ይልቃል ትይዩ ተቀመጠ። ሁለቱ አልተያዩም።

«እታለም፣ ስብሰባ አልወድም። ማን እንደገደላት ንገሪኝና ልሂድ» አለ ባየህ።

«እነግርሃለሁ፤ ግን ከሥሩ ነው የምነግርህ። ቁጭ በል ወንድሜ።»

አልተቀመጠም።

ውባንቺ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «ደብሬ፣ ይህን ታውቂዋለሽ?»

ደብሬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «የእናቴ ነው። እንዳልካቸው ጠጪ ያላት ነው።»

«ለምን እንደሞላ ቀረ?»

«ፍልሰታ ነው አለችኝ። ‹ቆርቤ እንኳ ሳልገባ ሐኪም ቤት ውኃ እየጠጣሁ ልዋል?› አለችኝ። እሑድ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም አልቀመሰችም። ‹ጠጥታለች በይው› ብላ አማለችኝ። አልኩት።» ወደ እንዳልካቸው ዞረች። «ዋሸሁህ።»

እንዳልካቸው ዓይኑን ጨፈነ።

«ስለዚህ ባየህ፣ እናትህ ጠረጴዛው ላይ የወጡት ደክመው ነው። እንዳልካቸው ግን የሰጣቸው መድኃኒት ልክ ነው፤ ብልቃጥ በብልቃጥ ቆጥሬዋለሁ። እጁ ንጹሕ ነው። ያ ብቻውን አይገድልም። ከዚያ በኋላ ምን መጣ? ሲሚንቶው መጣ።»

የደረቀውን ሳህን አሳየቻቸው። «እናቴ መራጊ ነበረች። ጭቃ ጠዋት ይረገጣል፤ ግን እንደተረገጠ አይመረግም። ቸኩለው ከመረጉት ይወርዳል። እናቴ መዳፏን ትለጥፍና ታነሣ ነበር፤ መዳፏ ንጹሕ ሆኖ ሲነሣ ‹አሁን› ትለን ነበር። ይህ ሲሚንቶ ‹አሁን› አልተባለም። ፈስሶ ነው የደረቀው፤ ክሩም እንደተሳበ ነው የቀረው። አራት ደቂቃ ሆኖታል፣ ግን አልደረሰም ነበር። ለምን?»

ከዚያ የተኮማተረውን ካርቶን አነሣች። «ለስላሳ ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምን ይሆናል?»

«ያልበዋል» አለች ሰብለወንጌል ሳታስብ። ከዚያ አፏን ያዘች።

«ይህም አልቦት ነው። ሲስተር፣ እጅሽን ታጠቢ። ጭምብልሽንም አድርጊ።»

ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሁለት የሲሚንቶ ካርቶኖች ቀርበው ነበር። አንደኛው ከመደርደሪያው ነው፤ ሌላውን ውባንቺ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ሰብለወንጌልና ዶክተር ይልቃል በየሳህናቸው እኩል ቀላቀሉ። የሚሰነፍጠው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ዝናቡ መስኮቱ ላይ ይወርዳል። ሰዓቱን የምትቆጥረው ውባንቺ ናት።

«አራት ደቂቃ። በጣታችሁ ንኩ።»

ሰብለወንጌል የመደርደሪያውን ነካች። ጓንቷ ንጹሕ ሆኖ ተነሣ። ዶክተር ይልቃል የማቀዝቀዣውን ነካ። ጣቱን ሲያነሣ ረጅም ክር ተከተለው፤ እንደ ማር ተስቦ ቆየና ተበጥሶ ወደቀ። ሐኪሙ ጣቱን ሲያይ ቆየ።

«ሰዓቱን አየሁ» አለ። «እጄን አላየሁም።»

«ማን ነው ፍሪጅ ያስገባው?» አለ ባየህ። አሁን ድምፁ ዝግ ብሏል፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ያስፈራ ነበር።

ውባንቺ መዝገቡን ገለጠች። «ቁልፉ ሁለት ሰው ዘንድ ነው። ማቀዝቀዣው ሁልጊዜ አራት ዲግሪ ነው። ዓርብ ነሐሴ 6 ማታ ግን ስምንት ይላል። ሙቅ ነገር ሲገባበት ይወጣል ማለት ነው። ዓርብ ሲስተር ወንዛዬ ነበረች። ወደ ኋላ ሄድኩ። ሰኔ 10፣ ሰኔ 24፣ ሐምሌ 15፤ ሁሉም ዓርብ ናቸው፣ ሁሉም ስምንት ነው። ሁሉም በሚቀጥለው ሰኞ ሲሚንቶ ያለው ቀዶ ጥገና የነበረባቸው ሳምንቶች ናቸው። ከግንቦት በፊት እንዲህ ያለ ዓርብ የለም። ሰኔ ላይ ክፍሉ ሙቅ ስለነበር ቅዝቃዜውና ሙቀቱ ተቻቻሉ። የሐምሌው ታካሚ ብርቱ ሰው ነበር፤ ቻለው። ሰኞ ግን ክፍሉም ቀዝቃዛ፣ ሲሚንቶውም ቀዝቃዛ፣ እሜቴም ደካማ ነበሩ።» መዝገቡን ዘጋችው። «ክፉ ያሰበ ሰው ቢሆን ‹አራት› ብሎ ይጽፍ ነበር። ይህ ሰው እውነቱን ነው የጻፈው፤ ምክንያቱም የሚደብቀው ጥፋት ያለበት አልመሰለውም።»

አቶ ንብረት ከወንበራቸው ተነሡ። የማቀዝቀዣው ሲሚንቶ ወዳለበት ሳህን ሄዱና ጎንበስ ብለው አዩት። አሁንም ይንቀሳቀሳል።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ጋሼ!» አለች ሰብለወንጌል።

«የቡኮ ሊጥ በብርድ እንደሚዘገይ ማን ያጣዋል ልጄ? ግንቦት ላይ መጋዘን ገብተሽ ስታለቅሺ አየሁሽ። ቢዘገይ አይደርቅባትም፣ አይሰድቧትም ብዬ ነው። ለማንም አልነገርኩም። ብነግር ‹ምን አገባህ፣ አንተ ዕቃ አቅራቢ ነህ› ይሉኛል ብዬ ነው።» ወደ ባየህ ዞሩ። «የሚዘገይ ነገር ሰው ይገድላል ብዬ አላሰብኩም።»

«መመሪያው ወረቀት ላይ አለ» አለ ዶክተር ይልቃል። «በሙቀት ልክ ሰዓቱ እንደሚለያይ። ካርቶኑ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ነበርኩ ላነብላችሁ የሚገባኝ።»

«እኔም መናገር ነበረብኝ» አለች ሰብለወንጌል።

ውባንቺ ባየህን እያየች «ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ገደላቸው ብዬ አልምልም» አለች። «ውኃውን ቢጠጡ፣ ሲሚንቶው ቢደርስ፣ ወይ እንዳልካቸው ቀድሞ ቢሰማ ምናልባት ዛሬ ለጥጃዋ ስም ያወጡ ነበር። ምናልባት ነው የምልህ። የማውቀውን ነገርኩህ።»

ባየህ ወደ አቶ ንብረት ሄደ። ፖሊሱ ሊነሣ ሲል ውባንቺ በዓይኗ አስቀመጠችው።

«ቅዳሜ በውኃው ውስጥ እናቴን ያዘሏት እርስዎ ነዎት» አለ ባየህ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ከኋላ ጫማዋን ይዤ ነበር። የሆነ ነገር ስትነግርዎ አይቻለሁ። ምን አለችዎ?»

«‹እግርህ አይታመም› ብለው መረቁኝ።»

ባየህ ያን ሰፊ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ደብሬ አጠገቡ ተቀመጠች።

እንዳልካቸው በዚያው ዕለት በአምስት ሰዓት ተፈታ። አቶ ንብረት፣ ዶክተር ይልቃልና ሲስተር ሰብለወንጌል ቃላቸውን ሰጥተው በዋስ ወጡ። ጳጉሜን 3 ቀን አቶ ንብረት በአንገታቸው የይቅርታ ድንጋይ ተሸክመው፣ ከሽማግሌዎች ጋር በሩዙ ማሳ ዳር ወደ ባየህ ቤት ሄዱ፤ ድንጋዩን ባየህ ራሱ አወረደላቸው። ክሊኒኩ በጥቅምት እንደገና ተከፈተ። አሁን ሲሚንቶው ከመደርደሪያ ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ ሲስተር ሰብለወንጌል በጓንቷ ነክታ «ደርሷል» ትላለች፤ ቀጥሎ ዶክተር ይልቃል «እንዳልካቸው፣ ሲሚንቶ እየገባ ነው» ይላል፤ እንዳልካቸውም «ሰምቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። አቶ ንብረት ወደ ሥራቸው አልተመለሱም።